ማድቤት የደረሰ ሥር

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አንድ ሰው በግጥም ከቤታችን አባርሬያለሁ። ሰውየው ዛሬ በሰላም ይኖራል፤ እኔን ግን ነገሩ ለብዙ ዓመት ሲቆጠቁጠኝ ኖሯል።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2004 ነው፤ ቦታው ናይሮቢ። አባቴ ሥዩም ዌስትላንድስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ አሮጌ ቪላ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበረው። የፊት ክፍሎቹ የእንግዳ ነበሩ፤ ከኋላ ባሉት ሦስት ክፍሎች እኛ እንኖራለን። ግቢው መሐል አንድ ግዙፍ ዋርካ ቆሟል። እኔ፣ እናቴ ብርነሽና ሁለቱ አስተናጋጆች እጅ ለእጅ ተያይዘን እንኳ ግንዱን አንዞረውም ነበር። በምሳ ሰዓት ከሥሩ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ የአካባቢው ቢሮ ሠራተኞች ክራቫታቸውን አላልተው ጥላው ውስጥ ክትፎ ይበላሉ።

ከዛፉ ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል ጋሼ ይድነቃቸው ይኖር ነበር። ዘመዳችን አይደለም። አዲስ አበባ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፤ ለምን አገር ጥሎ እንደወጣ ለእኔ አልተነገረኝም። "ኬዝ አለው" ይባላል። ኬዝ ማለት አሜሪካ ለመሄድ ስልክ እስኪደወል መጠበቅ መሆኑን ማንኛውም የናይሮቢ ሐበሻ ልጅ ያውቃል። ለሁለት ወር ተብሎ ገብቶ አራት ዓመት ሆኖታል። አባዬን በሥራ ያግዘዋል፤ እኔን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዛፉ ሥር ያስጠናኛል።

የሚያስጠናኝ ሽፋኑ ከተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካውያን ግጥም መድበል። ከመሐል ከተማ፣ መንገድ ላይ መጽሐፍ ከሚዘረጉ ሰዎች የገዛው ነው። በመጀመሪያው ቀን ያነበብነው ግጥም አጭር ነበር። የጻፈችው በአንድ ቀዝቃዛ ግዛት ብቻዋን የኖረች ሴት ናት አለኝ። ግጥሙ ስለ ኩሬ ያወራል። ብርዱ ሲገባ የኩሬው ፊት ይጠጥራል፤ ጎረቤቶች በላዩ እየተራመዱ ጥንካሬውን ያደንቃሉ፤ ከሥር ግን ውሃው ይሄዳል፣ ማንም አይሰማውም።

"ስለ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ስለ ኩሬ።"

"ሌላስ?"

"ስለ በረዶ።"

"እስቲ ተነሺ፣ ሮሃ" አለና ወደ ምግብ ቤቱ ፍሪዘር ወሰደኝ። ለካ ከመምጣቴ በፊት አንድ ሳፋ ውሃ አስገብቶበት ኖሯል። ክዳኑን ሲከፍተው የሥጋ ሽታ የቀላቀለ ብርድ ፊቴን መታኝ። የሳፋው ውሃ ከላይ መስታወት ሆኗል። "ቀስ አድርገሽ ተጫኚው" አለኝ። ተጫንኩት፤ ጠንካራ ነው። በማንኪያ እጀታ አንድ ጊዜ መታው፣ ስንጥቅ አለ፤ ከሥር ውሃው ሽቅብ ወጣና ጣቴን አረጠበው። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። እዚያ ውስጥ ውሃ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም።

"እንደዚህ የሆነ ሰው ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ሰው? ኩሬ ሰው ሊሆን እንደሚችል እስከዚያች ደቂቃ ማንም አልነገረኝም። በዚያው ቅጽበት የማድቤቱ በር ተከፈተና እማዬ የሽንኩርት ትሪ ይዛ አለፈች። ከውጪ ለተጣራት እንግዳ ሳቅ ብላ መልስ ሰጠች፤ ፊቷን ስታዞር ሳቁ ጠፋ።

"እማዬ" አልኩ። "እንግዳ ፊት ስትስቅ።"

ጋሼ ይድነቃቸው የፍሪዘሩን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋው። "ለዛሬ ይበቃናል" አለ። መልሴን የተሳሳትኩ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ሌላ ሆነችብኝ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በስታዲየሙ በኩል ሲያልፍ ግራሮቹ አናት ላይ የሚቆሙትን ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ሁልጊዜ አያቸው ነበር። አሁን ግን ወፎች ብቻ አልነበሩም፤ ፍርድ ሊሰጡ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጥቅምት ስለነበር ጃካራንዳው አበባውን አራግፎ መንገዱ ሐምራዊ ሆኗል፤ ያ ደግሞ ንግሥት ያለፈችበት ነው። ከንጎንግ ኮረብታ በላይ ደመና ሲቆለል አንድ የተቆጣ ሰው የሚለውን እያዘጋጀ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሁሉም ነገር ይናገራል። እስከዛሬ እንዴት ሳልሰማ ኖርኩ ብዬ እገረም ነበር።

"ጋሼ፣ ወፍ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ነው?" ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

"አንዳንዴ ወፍ ወፍ ነው።"

"በምን ይለያል?"

አሰበ። "እኔም አንዳንዴ ይምታታብኛል" አለ። አስተማሪ እንደዚህ ይላል ብዬ ስላልጠበቅኩ ቀልዱን መሰለኝ።

በኅዳር መግቢያ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከማድቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። አባዬና እማዬ ውስጥ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

"ሥሩ ቤቱ ውስጥ ገብቷል" ይላል አባዬ። "ከእንግዲህ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።"

"ስንት ዓመት አብሮን ኖሮ" አለች እማዬ።

"አብሮን ስለኖረ ግድግዳዬን ያፍርሰው? ማድቤት ደርሷል እኮ።"

"ለጥላው ግን አዝናለሁ።"

"እኔስ አላዝንም? ግን ወይ እሱ ነው ወይ ቤቱ። ሐሙስ ይመጣሉ።"

"ለሮሃስ ምን እንላታለን? እንደ ዓይኗ ነው የምታየው።"

"ካለቀ በኋላ ይነገራታል።"

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። የአንድ ወር ትምህርቴ ሁሉ አንድ ላይ መጣልኝ። አብሮን ብዙ ዓመት የኖረ ማን ነው? ሳይታሰብ ሥር የሰደደ፣ እኔ እንደ ዓይኔ የማየው፣ ካለቀ በኋላ ብቻ የሚነገረኝ? ዛፍ አይደለም። ሐሙስ የሚመጡት ደግሞ ፖሊሶች ናቸው። በዚያ ጊዜ ፖሊስ መንገድ ላይ ሐበሻ ሲያገኝ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ያልጣመው ጭኖት ይሄዳል። አባቴ ጋሼን ለፖሊስ አሳልፎ ሊሰጠው ነው አልኩ። ያን ቀን አባቴን ፈራሁት።

በግልጽ መናገር አልደፈርኩም። ባስተማረኝ ቋንቋ ልነግረው ወሰንኩ። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦

ትልቁ ዛፍ ሥሩን በቤታችን ሥር ሰደደ፤
ማንም ሳይጠራው ማድቤት ደረሰ።
ጥላውን እንወዳለን፣
ግድግዳው ግን ያመዋል።
ሐሙስ መጋዝ ይመጣል።
ዛፍ ሆይ፣ እግር ቢኖርህ ዛሬ ሂድ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ሰጠሁት። እንዳስተማረኝ ሁለቴ አነበበው። በሁለተኛው ላይ ፊቱ ተለወጠ።

"ይህን ከየት አመጣሽው?"

"አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። ስለ ዛፍ አስመስሎ ነው የነገራት፤ ግን ስለ አንተ ነው።"

"ስለ እኔ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ማድቤቱ መስኮት አየ። እማዬ ሬዲዮ ከፍታ ዕቃ እያጠበች ነበር። "እሷስ ምን አለች?"

"ለጥላው አዝናለሁ አለች።"

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። "አራተኛው መስመር ጥሩ ነው" አለኝ። "የመጨረሻውን ደግሞ ማንም ቀይሪ ቢልሽ አትቀይሪው።"

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ነበር። አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ተቀምጧል፣ ከላዩ ስሜ ተጽፎበታል። ለአባዬና ለእማዬ የተወው ሁለት መስመር ምስጋና ብቻ ነው። አባዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ምን አደረግነው?" አለ። እማዬ ቁርስ ያቀረበችለትን ሳህን ክዳኑን እንኳ ሳታነሳ መልሳ ወሰደችው። እኔ ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ልቤ በኩራት ይመታ ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በፊት በሩ ተንኳኳ። አስተማሪዎች ስብሰባ ስለነበራቸው ቤት ነበርኩ። ፖሊሶቹን ለማየት ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። የመጡት ግን ከምዕራብ ኬንያ የመጡ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ገመድ፣ መጥረቢያና የሞተር መጋዝ ይዘዋል። ዋንጂሩ የምትባለው አስተናጋጃችን ኪኩዩ ናት፤ ዋርካን ሙጉሞ ይሉታል፤ "ሙጉሞ ሲቆረጥ ቆሜ አላይም፣ የተቀደሰ ዛፍ ነው" ብላ አስፈቅዳ ሄደች።

አንዱ ሰው በገመድ ወጣ። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። መጋዙ ግንዱ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ሸሸ፤ መጀመሪያ ምንም አልሆነም፣ ቀጥሎ ከመሬት ሆድ የወጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ ዘንበል አለና ወደቀ። የቤቱ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። አቧራው ሲሰክን ግቢያችን ውስጥ በአንድ ጊዜ ሰማይ ገባ። ያን ያህል ሰማይ ከራሳችን በላይ እንዳለ አላውቅም ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በኋላ ሰዎቹ ማድቤቱ ሥር ቆፍረው እንደ ሰው ጭን የሚወፍር ሥር አወጡ፤ የፍሳሽ ቧንቧውን ጨምድዶ ሰብሮታል።

ዛፉ ዛፍ ነበር። አባዬ ስለ ዛፍ ነበር የተናገረው።

ወደ እማዬ ዞርኩ፤ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገር ሁሉ ራሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የለም ብዬ ለራሴ ቆርጬ ነበር። ስለዚህ እናቴ ለዛፉ ታለቅሳለች አልኩ። በልጅነቴ ካነበብኩት ሁሉ የባሰ የተሳሳትኩት ይህን ነው፤ ያን ግን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። "ከስደተኞች ቢሮ ደወሉ" አለ ለእማዬ። "የይድነቃቸው ኢንተርቪው ረቡዕ ጠዋት ነው። ካልቀረበ ኬዙን ይዘጉታል። የት አባቴ ሄጄ ልፈልገው?"

አራት ዓመት የተጠበቀ ስልክ። እማዬ ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠብቄ፣ አባዬ ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከመስኮቱ ሥር የሰማሁትን፣ ፖሊስ ይመጣል ብዬ ያሰብኩትን፣ ግጥሙን።

"በቃልሽ ታውቂዋለሽ?"

አልኩለት። በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። "ማድቤት ደረሰ" የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሳና አስቆመኝ። ብዙ ዝም አለ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። "እኔ ስለ ዛፍ ነው ያወራሁት" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። "አውቃለሁ" አልኩ እያለቀስኩ። ራሴን ዳሰሰኝ። "ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። አንቺ ካለሽ አይደበቅም።"

ቅዳሜ በመጀመሪያ ኢስሊ ሰፈር ሄድን፤ ጋሽ ኑሬ ጋ። ከሞያሌ ጤፍና በርበሬ የሚያመጣልን ነጋዴ ነው፤ ናይሮቢ ያለውን ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። አባዬ ሲጠይቀው ጆንያዎቹን እያስተካከለ "አላየሁትም" አለ። የኢንተርቪውን ነገር ሲሰማ ግን ቀና አለ። "አደራ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ግን አደራው ይቅር። ካሳራኒ ክፍል ያገኘሁለት እኔ ነኝ።"

የቲካ መንገድ ተጨናንቆ ነበር። በዚያው ዓመት ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ሁሉ በአዋጅ ቢጫ መስመር ተቀብተው የወንበር ቀበቶ ገጥመዋል፤ እኔ በአባዬ ፒክአፕ መስኮት ቢጫ መስመሮቹን እያየሁ የምለውን እለማመዳለሁ። ካሳራኒ ስንደርስ ልብስ በየሰገነቱ የተሰጣበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። ጋሼ ይድነቃቸው በሩን ሲከፍት አባዬን አይቶ አልደነገጠም፤ እኔን ሲያይ ግን ግራ ገባው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ፍራሽና አንድ ምድጃ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አልኩ ገና ሳልቀመጥ። "ዛፉ ዛፍ ነው ለካ። ቆረጡት።"

አባዬና ጋሼ ተያዩ።

"ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል" አለ አባዬ ወረቀቱን እየሰጠው። "መምህር፣ ጠርተውሃል።"

ጋሼ ወረቀቱን ሳያየው ያዘው። "ሦስተኛቸው ነው፣ ጋሽ ሥዩም።"

"ምኑ?"

"ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ነበር። አልሄድኩም።"

"አልጠሩኝም ነበር እኮ የምትለን።"

"እንደዚያ ነበር የምለው።"

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከኪሱ ሽልንግ አውጥቶ "ሶዳ ገዝተሽልን ነይ" አለኝ። ሱቁ ከደረጃው ሥር ነው። ሦስቱን ቀዝቃዛ ጠርሙስ ደረቴ ላይ አቅፌ ስመለስ ከመጋረጃው ውጪ ቆምኩ።

"አንድም ቀን ያልተገባ ቃል ከአፌ አልወጣም" ይላል ጋሼ።

"አውቃለሁ" አለ አባዬ። "ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ወረቀት ይዤልህ አልመጣም።"

"እሷም አታውቅም።"

አባዬ ለዚህ መልስ አልሰጠም።

እሷ የተባልኩት እኔ መሰለኝ፤ ስለ ሁለቱ ኢንተርቪው አላውቅም ነበርና። ስገባ አባዬ እጁን ጋሼ ትከሻ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሶዳውን ሦስታችንም ጠጣን። በመኪና ስንመለስ "ለምን ነበር ያልሄደው?" አልኩ። አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "ናይሮቢን ለምዷት ነው" አለ። ለእኔ በቂ መልስ ነበር።

ረቡዕ ሄደ፤ አለፈ። በመጋቢት በረረ። የመሸኛውን ምሳ እማዬ ሠራች፤ እንግዳው ሁሉ ሲበላ ከማድቤት አልወጣችም። በመጨረሻ ልትሰናበተው ስትመጣ እጇ እርጥብ ነበር። "በሰላም ይግቡ፣ መምህር" አለችው። "ብርነሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አላት። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። እኔም ዕቃ ስታጥብ ነው የቆየችው ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጋሼ ይድነቃቸው በአንድ ቀዝቃዛ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ለበዓል እንደዋወላለን። እኔ ግን በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ያንን ጠዋት አስባለሁ። አንድ ሰው በእኔ ስህተት ቤቱ ያላሰበውን ነገር አምኖ ከቤት ወጥቷል፤ አራት ዓመት የበላበትን ማዕድ እንደ ጠላት ማዕድ ጥሎ ሄዷል። ይህን አንድም ቀን አንስቼለት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አባዬ ምግብ ቤቱን ሲዘጋ የቆዩ ፋይሎችን ለመለየት ረዳሁት። በአንደኛው ውስጥ ለከተማው ምክር ቤት የተጻፈ የማመልከቻ ቅጂ አገኘሁ። የዋርካው ሥር የማድቤቱን ቧንቧና ግድግዳ ስለሰበረ ዛፉን ለመቁረጥ ፈቃድ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የተጻፈው ዛፉ ከመቆረጡ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከግርጌው በአባዬ ስም የፈረመው ይድነቃቸው ነው። የቤቱን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሁሉ እሱ ነበር የሚጽፈው፤ እኔ ልጅ ስለነበርኩ አላውቅም ነበር። ያኔ አባዬ ግጥሙን ሰምቶ ለምን ያን ያህል ዝም እንዳለ ገባኝ። ጋሼ የዛፉን ነገር ከማንም በላይ እንደሚያውቅ አባቴ ያውቅ ነበር።

እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ደወልኩለት።

"ጋሼ፣ የዛፉን ማመልከቻ አንተ ነህ የጻፍከው።"

"ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት" አለ። "የመጀመሪያውን መልሰውብን ነበር።"

"ታዲያ ሐሙስ የሚመጣው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።"

"ቆራጮቹን ያነጋገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሮሃ።"

"ለምን ሄድክ ታዲያ?"

"አባትሽ ስለ ዛፍ ነበር ያወራው" አለ። "አንቺ ግን ስለ ዛፍ አልጻፍሽም። ለራሴ እንኳ ያልነገርኩትን አንድ ሕፃን በስድስት መስመር ጽፎ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት እንዴት አድራለሁ?"

"ማንም ሳይጠራው ማድቤት ደረሰ" የሚለውን መስመር በሆዴ ደገምኩት። የጻፍኩትን እኔ አላውቀውም ነበር፤ እሱ ግን አንብቦታል። በስህተት የተጻፈ ነገር እንዲህ እውነት ሊሆን እንደሚችል ዛሬም ሳስበው ያስደነግጠኛል። ስልኩን ዘግቼ ወደ ውጪ ወጣሁ።

እማዬ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች።

"ማን ነበር?" አለችኝ።

"ጋሼ ይድነቃቸው።"

ጣቶቿ ትሪው ላይ ቆሙ። "ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ተመስገን" አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

አየኋት። ጠጉሯ በጎንና በጎን ሸብቷል፤ ከንፈሯ ላይ ምንም አይነበብም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንግዳ ሰው ፊት የተቀመጥኩ ያህል ፈራኋት፣ ደግሞም እንደዚያ ወድጃት አላውቅም። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ትሪውን ወደ እኔም አዘነበለችልኝ፤ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።